ስለ ሳፓርዲ ጆኮ ዳሞኖ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ኢንዶኔዥያዊው ገጣሚና ሃያሲ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀውን ከቀላሉ ወደ ከበድ ያለው አስቀምጬዋለሁ፣ ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ሳፓርዲ ማነው ባጭሩ?

ገጣሚ፣ የስነ ጽሁፍ ሃያሲ፣ ተርጓሚ እና የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። ማርች 20 ቀን 1940 ማእከላዊ ጃቫ ውስጥ ሶሎ (ሱራካርታም ይሏታል) ከተማ ተወለደ፣ ጁላይ 19 ቀን 2020 በ80 ዓመቱ ጃካርታ አጠገብ ደቡብ ታንገራንግ ውስጥ አረፈ። በመሃል ከ50 ዓመት በላይ ጻፈ፣ ከ40 ዓመት በላይ ደግሞ አስተማረ።

ኢንዶኔዥያ ውስጥ ግጥም የሚባል ነገር የማያነብ ሰው እንኳን ቢያንስ አንድ ግጥሙን ያውቃል፣ ምክንያቱም የሆነ ዘመዱ የሰርግ ካርድ ላይ አይቷታል። ጅዳ፣ ሪያድ፣ ዱባይ ምናምን ከኢንዶኔዥያ ልጆች ጋር አብራችሁ የሰራችሁ ካላችሁ ጠይቋቸው፣ የገጣሚውን ስም የማያውቁትም ግጥሟን ሊያውቋት ይችላሉ። ችግሩ ግን እዛው ላይ ነው፣ ብዙ ሰው በዛች አንድ ግጥም ያውቀዋል ከዛ እዛው ያቆማል፣ ሰውየው ግን ካርዱ ላይ ከሚታየው የበለጠ ጠጣር ነው።

"ዳሞኖ" የቤተሰብ ስሙ ነው?

አይደለም። ጃቫዎች ባብዛኛው የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የላቸውም፣ ሶስቱም የራሱ ስሞች ናቸው፣ አባቱ ሳድዮኮ እናቱ ሳፓሪያ ይባላሉ። ስለዚህ የፈረንጅ ጽሁፍ ላይ "ዳሞኖ እንዳለው" የሚል ስታዩ የኛን ሰው በአያቱ ስም ብቻ ጠርተውት እንደሚሄዱት አይነት ነገር ነው። ሳፓርዲ በሉት በቃ፣ አገሩ ላይ በአክብሮት "ፓክ ሳፓርዲ" ይሉታል።

ልጅነቱ እንዴት ነበር፣ ግጥም መጻፍ መቼ ጀመረ?

ሲወለድ አገሪቷ በሆላንድ እጅ ነበረች፣ ሁለት ዓመት ሲሞላው ጃፓኖች ገቡ፣ አምስት ሲሞላው (ኦገስት 17 ቀን 1945) ነጻነት ታወጀ፣ ከዛ እስከ 1949 ድረስ ደግሞ ከሆላንድ ጋር ጦርነት። ሶሎ ደግሞ ቤተ መንግስት ያለባት፣ የዋያንግ (የቆዳ አሻንጉሊት ጥላ ትያትር) እና የጋሜላን ሙዚቃ ከተማ ናት፣ ጥላው ሸራ ላይ ሲንቀሳቀስ እያየ ያደገ ልጅ ነው። ግጥሞቹ ውስጥ ጥላ በየቦታው ብቅ ማለቱ ለኔ አይገርመኝም።

1957 ላይ ቤተሰቡ ከመሃል ከተማ ወጥቶ ሰሜን ጫፍ ላይ ኮምፕላንግ የምትባል ሰፈር ገባ። መብራት የለም፣ ሰው ብዙ የለም፣ ማታ ማታ ጸጥ ያለ ነው። ከተማ ለከተማ መዞር የለመደ የ17 ዓመት ልጅ እዛ ብቻውን ሲቀር በዛው ዓመት ኖቬምበር ላይ ግጥም መጻፍ ጀመረ፣ ከዛ በኋላ ስራዎቹ በመጽሄቶች ላይ እየወጡ ሄዱ። ያኔ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር።

ምን ተማረ፣ የት የት አስተማረ?

ዮግያካርታ ጋጃ ማዳ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ስነ ጽሁፍ ተምሮ 1964 ጨረሰ፣ 1970 እና 71 አካባቢ ደግሞ ሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ተምሯል። መጀመሪያ ማዲዮን፣ ከዛ ሴማራንግ ዲፖኔጎሮ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፣ ከ1974 ጀምሮ ጃካርታ ኢንዶኔዥያ ዩኒቨርሲቲ ገባና እዛው ቀረ። ዶክትሬቱን እዛው 1989 ላይ ያዘ፣ ፕሮፌሰር ሆነ፣ ከ90ዎቹ አጋማሽ እስከ 1999 ድረስ የስነ ጽሁፍ ፋኩልቲው ዲን ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላም ጃካርታ የኪነ ጥበብ ኢንስቲትዩት ማስተማሩን አላቆመም።

አንድ ሰው የማይረሳው ነገር ዶክትሬቱ ነው። እንግሊዝኛ የተማረ ሰውዬ ስለ ኤልየት ወይ ስለ ሌላ ፈረንጅ ይጽፋል ብላችሁ ስትጠብቁ እሱ የጻፈው በ1950ዎቹ በጃቫኛ ስለታተሙ ልቦለዶች ነው። ያኔ ምሁራኑ ዞር ብለው የማያዩዋቸውን ርካሽ የህዝብ መጽሃፍቶች ቁጭ ብሎ አንብቦ መዋቅራቸውን ተነተነ።

የጃቫ ልጅ ሆኖ ለምን በኢንዶኔዥያኛ ጻፈ?

እሱ ብቻ አይደለም፣ የትውልዱ ነገር ነው። ኢንዶኔዥያኛ መሰረቱ ማላይኛ ነው፣ 1928 ላይ ወጣቶቹ "የአንድነት ቋንቋ" ብለው መረጡት፣ ከነጻነት በኋላ የትምህርትና የህትመት ቋንቋ ሆነ። የአፍ መፍቻው ጃቫኛ የሆነ ልጅ ለመላ አገሩ መጻፍ ከፈለገ መንገዱ ያ ነበር። ጃቫኛውን ግን አልጣለውም፣ ከዶክትሬቱ ሌላ የድሮ የጃቫ ድግምቶችን ወስዶ በኢንዶኔዥያኛ ግጥም አርጎ 2005 ላይ "ማንትራ ኦራንግ ጃዋ" በሚል አሳትሟቸዋል።

ዋና ዋና የግጥም መጽሃፎቹ የትኞቹ ናቸው?

የመጀመሪያው "ዱካሙ አባዲ" ይባላል፣ 1969 ባንዱንግ ላይ ወጣ፣ ያሳተመለት ማተሚያ ቤት አልነበረም፣ ሶሎ አብሮት ያደገው ሰአሊው ጄይሃን ነው። (ይሄንን በጣም ነው የምወደው፣ የኢንዶኔዥያ ግጥም ውስጥ ትልቅ ቦታ ያላት ቀጭን መጽሃፍ በጓደኛ ኪስ ወጣች ማለት ነው።) ከዛ 1974 ላይ "ማታ ፒሳው" እና "አኳሪዩም"፣ 1983 "ፐራሁ ከርታስ"፣ በዛው አካባቢ "ሲሂር ሁጃን"። 1994 ላይ "ሁጃን ቡላን ጁኒ" (የጁን ዝናብ) ወጣች፣ እሷ ቀደም ካሉት የተለቃቀሙና አዳዲስ ግጥሞች ያሉባት ስብስብ ናት፣ በሱ ስም የሚታወቀው መጽሃፍ እሷ ናት። ከዛ በኋላ "አያት አያት አፒ" (የእሳት አንቀጾች ማለት ነው) 2000 ላይ፣ "ኮላም" 2009 ላይ፣ ሌሎችም አሉ።

ለመጀመር ከየት ልጀምር ለምትሉ "የጁን ዝናብ"ን ያዙ፣ ግን ከመሃሏ ሁለት ግጥም ቀድማችሁ አንብቡ። አንዷ 1971 የጻፋት ጠዋት ላይ ወደ ምእራብ ስለሚሄድ ሰው ነው፦ ጸሃይ ከኋላው ትከተለዋለች፣ እሱ ደግሞ ከፊቱ የረዘመውን የራሱን ጥላ እየተከተለ ይሄዳል፣ እሱና ጸሃይ ጥላውን ማን እንደፈጠረው አይጨቃጨቁም፣ እሱና ጥላው ማን ከፊት ይሂድ ብለው አይጨቃጨቁም። አለቀ፣ ይሄው ነው ግጥሙ። ሁለተኛዋ የቢላ ስለት የምትል ናት፦ ቢላውን ስለህ ጨርሰህ ከራት በኋላ ፖም ልትቆርጥበት ታስባለህ፣ ስለቱ ግን አፍጥጦ እያየህ ነው፣ የሚያብለጨልጨውም የአንገትህን ደም ስር በሃሳቡ እያየ ነው። የሰርግ ካርድ ገጣሚ የሚሉት ሰውዬ ይሄንንም ጽፏል።

"አኩ ኢንጊን" የምትባለዋ ግጥም ምንድናት፣ ለምን ሰርግ ካርድ ላይ ትጻፋለች?

1989 የጻፋት ሁለት አጫጭር አንጓ ያላት የፍቅር ግጥም ናት። ሃሳቧ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ በቀላሉ ልወድሽ እፈልጋለሁ፣ እንጨት አመድ ለሚያረገው እሳት ሊላት አስቦ ጊዜ ባላገኘላት ቃል፤ በቀላሉ ልወድሽ እፈልጋለሁ፣ ደመና ለሚያጠፋው ዝናብ ሊሰጥ አስቦ ባልደረሰለት ምልክት። ቃላቶቹ የአንደኛ ደረጃ ልጅ የሚያውቃቸው ናቸው፣ ታጥራለች፣ ካርድ ላይ ትገባለች፣ "በቀላሉ መውደድ" ደግሞ ለሙሽሮች ደስ የሚል ቃል ነው፣ ስለዚህ በየሰርጉ ገባች።

እስቲ ግን ረጋ ብላችሁ እዩዋት። እንጨቱ አመድ ሆኗል፣ ደመናው ጠፍቷል፣ ቃሉም አልተባለም። ቀላል ነው የሚለው ፍቅር አንደኛውን ወገን ሙሉ በሙሉ የሚያጠፋ ፍቅር ነው፣ ቀላል አይደለም ማለት ነው። እኔ ሰርግ ላይ አትጻፍ አልልም፣ ጋብቻም እኮ የሆነ መቃጠል አለበት፣ ግን ጣፋጭ ብቻ ናት ብሎ የሚያልፍ ሰው ግማሿን አላነበባትም።

ይቺ ግጥም የካሊል ጂብራን ናት የሚሉ አሉ፣ እውነት ነው?

አይደለም፣ የሊባኖሳዊው ገጣሚ የጂብራን ሳትሆን የሳፓርዲ ናት። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ለረጅም ጊዜ በሰርግ ካርድና በኢንተርኔት ከስሯ ካሊል ጂብራን እየተባለ ስትዞር ቆይታለች፣ እስካሁንም አልፎ አልፎ ትታያለች። የሚያስቀው ነገር ሳፓርዲ ራሱ የጂብራን ተርጓሚ ነው፣ ስለዚህ በተረጎመው ሰው የራሱን ግጥም ተቀማ። የሄሚንግዌይን ሽማግሌውና ባህሩንም ወደ ኢንዶኔዥያኛ የመለሰው እሱ ነው፣ 1973 ላይ።

ጁን ላይ ዝናብ መዝነቡ ምን ያስገርማል?

ይሄ ጥያቄ ከኛ ሰው ቢነሳ ልክ ነው፣ ምክንያቱም ለኛ ጁን ማለት ሰኔ ነው፣ ክረምቱ ሊገባ ሰማዩ የሚጠቁርበት። ጃቫ ላይ ግን ተቃራኒው ነው። ጃቫ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ናት፣ ዝናቡ ባብዛኛው ከኖቬምበር እስከ ማርች ይመጣል፣ ጁን ደረቁ ወቅት የገባበት ወር ነው። ስለዚህ ጁን ላይ የሚዘንብ ዝናብ ያለ ጊዜው የመጣ፣ መምጣት ያልነበረበት ዝናብ ነው።

ግጥሙ ላይ ያ ዝናብ ታጋሽ ነው፣ ጥበበኛ ነው፣ አስተዋይ ነው ይባላል። ናፍቆቱን ለአበባው ዛፍ በሚስጥር ይይዛል፣ መንገዱ ላይ ያመነታባቸውን የእግሩን ዱካዎች ያጠፋል፣ ያልተነገረውን የዛፉ ስር እንዲጠጣው ይተወዋል። አሁን ይሄ ያለ ወቅቱ የመጣ ዝናብ መሆኑን አስባችሁ መልሳችሁ አንብቡት፣ ጊዜው ያልሆነ ፍቅር ያለበት ሰው ዝም ብሎ ሲችለው ይታያችኋል። ወቅቱን ሳያውቅ የሚያነበው ሰው ግን "ዝናብ ዘነበ፣ እና?" ብሎ ነው የሚዘጋው።

ግጥሞቹ እንዴት ዘፈን ሆኑ?

በ80ዎቹ መጨረሻ ላይ ግጥምን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በዜማ የማቅረብ እንቅስቃሴ ነበር፣ የኢንዶኔዥያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሳፓርዲን ግጥሞች እየወሰዱ በጊታር ይዘፍኗቸው ጀመር። 1990 ላይ በካሴት ወጣ፣ ከዛ 1996 ሌላ ተከተለ። ከዛ ልጆች መሃል አሪ ማሊቡ እና ሬዳ ጋውዲያሞ ጥንድ ሆነው ቀጠሉ፣ አሪ 2018 ላይ እስኪያርፍ ድረስ አብረው ዘፈኑ። አንድ ጊታር ሁለት ድምጽ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም፣ ዩቲዩብ ላይ ታገኟቸዋላችሁ። "አኩ ኢንጊን" ደግሞ በዜማ ሆና 1991 የጋሪን ኑግሮሆ ፊልም ውስጥ ገባች፣ ከዛ ወዲያ ማን ሊያቆማት።

መጽሃፍ ገዝቶ የማያነበው ህዝብ ጋር የደረሰው በዚህ መንገድ ነው፣ በካሴት።

ልቦለድም ጽፏል ሲባል ሰማሁ፣ ፊልሙስ?

አዎ፣ "የጁን ዝናብ"ን ራሱ ወደ ልቦለድ ቀየራት፣ 2015 ላይ፣ ከዛ ሁለት ተከታይ ክፍል ጻፈላት፣ 2017 ላይ ደግሞ ፊልም ሆነች። ታሪኩ የጃቫ ሙስሊም ወጣት መምህርና ከማናዶ (ሰሜን ሱላዌሲ ያለች ከተማ ናት) ወገን የሆነች ክርስቲያን ልጅ ፍቅር ነው፣ እሷ ለትምህርት ጃፓን ትሄዳለች። 75 ዓመቱ ላይ ያለ ሰው ስለ ሃያ ምናምን ዓመት ልጆች በሞባይል ቴክስት እየተጻጻፉ ሲፋቀሩ ይጽፋል፣ ወጣቶቹ ወደዱት በጣም ተሸጠ። በኔ እይታ ልቦለዱ ከግጥሙ አይደርስም፣ ግጥሙ በ12 መስመር የሚለውን ልቦለዱ ሲያብራራ ያንሳል፣ ግን የሃይማኖትና የብሄር ልዩነት ያለበት ፍቅር ኢንዶኔዥያ ውስጥ እንዴት እንደሚከብድ ለማየት ይጠቅማል።

ሃያሲ ነው ሲባል ምን ሰርቶ ነው?

ብዙ ሰው የሚዘለው ይሄንን ነው። 1978 ላይ "ሶሲዮሎጊ ሳስትራ" የምትል አጭር መግቢያ ጻፈ፣ ስነ ጽሁፍንና ማህበረሰብን አያይዞ ስለማጥናት፣ ሃሳቧ ደራሲው ማነው ከየት መጣ፣ ስራው ውስጥ ያለው ማህበረሰብ ምን ይመስላል፣ አንባቢው ማነው ምን ያረግበታል የሚል ነው። የኢንዶኔዥያ የስነ ጽሁፍ ተማሪ መመረቂያ ጽሁፍ ሲሰራ ስንት ትውልድ ሙሉ ይቺን ነው ሲጠቅስ የኖረው። ስለ ገጣሚው ቻይሪል አንዋርም ጽፏል፣ በስፋት የሚታወቀው የቻይሪል የግጥም ስብስብ መዝጊያ ጽሁፍ የሱ ነው። ኋላ ላይ ደግሞ አንድ ስራ ከአንዱ ጥበብ ወደ ሌላው ሲሻገር (ግጥም ወደ ዘፈን፣ ልቦለድ ወደ ፊልም) ምን እንደሚሆን ራሱን የቻለ መጽሃፍ ጻፈ፣ የራሱ ዝናብ ከግጥም ወደ ዘፈን ወደ ልቦለድ ወደ ፊልም ስለሄደች ለመጽሃፉ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ራሱ ነው።

ለኛ አንባቢ የምትቀርበው ግን 2014 የወጣችው ግጥም እንዴት እንደሚነበብ የምታስረዳዋ ናት፣ ርእሷ ባጭሩ እንዲህ እያለ እንዲያ ማለቱ ነው የሚል ነው። ሰምና ወርቅ ሰምቶ ላደገ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ልዩነት ግን አለ፣ ቅኔ ላይ ወርቁ አለ፣ መምህሩ ያውቀዋል፣ ፈልጋችሁ ታገኙታላችሁ፣ ሳፓርዲ ግጥሞች ላይ ግን ሰሙን ስታነሱ ከስር ቁርጥ ያለ ወርቅ ላታገኙ ትችላላችሁ፣ ዝናቡ ፍቅር ነው ብላችሁ ስትጨርሱም ዝናቡ ዝናብ ሆኖ ይቀጥላል።

ከመጻፉም ሌላ ብዙ የድርጅት ስራ ሰርቷል። 1973 አካባቢ ሆሪሶን የሚባለውን ትልቁን የስነ ጽሁፍ መጽሄት የሚያሳትመውን ተቋም ይመራ ነበር፣ 1987 ላይ ደግሞ ከጉናዋን ሞሃማድ፣ ከኡማር ካያም፣ ከሱባጊዮ ሳስትሮዋርዶዮና ከጆን ማክግሊን ጋር ሆኖ ሎንታርን መሰረተ፣ የኢንዶኔዥያን ስነ ጽሁፍ ወደ እንግሊዝኛ የሚያስተረጉም ተቋም ነው። እንግሊዝኛ የምታነቡ በሱ በኩል የወጡትን የሳፓርዲ ትርጉሞች ፈልጉ።

ከቻይሪል አንዋር በምን ይለያል?

ቻይሪል (1922 እስከ 1949) የዘመናዊው የኢንዶኔዥያ ግጥም አባት የሚባለው ነው፣ በ26 ዓመቱ ሞተ፣ ራሱን ከመንጋው የተባረረ አውሬ ብሎ የጠራ፣ ግጥሙ ሁሉ "እኔ" እያለ የሚጮህ። ሳፓርዲ ጋ ሲመጣ ያ "እኔ" ዝቅ ይላል። የሚናገሩት ዝናቡ፣ ቢላው፣ የወረቀት ጀልባው፣ በር ላይ ያለው ጫማ ናቸው፣ ሰውየው ዳር ቆሞ ያያል። እድሜያቸውም ሌላ ነው፣ አንዱ ጥቂት ዓመት ጽፎ ተቃጥሎ አለፈ፣ አንዱ እስከ 80 ዓመቱ ተማሪ ፈተና እያረመ ጻፈ።

የራሱ ዘመን ሰዎች ጋም ስታስተያዩት ያው ነው፣ ሬንድራ መድረክ ላይ ወጥቶ ህዝብ ሰብስቦ የሚያነበንብ ነበር፣ ሱታርጂ ቃልን ከትርጉሙ ነጻ አወጣለሁ ብሎ ድግምት የሚመስል ነገር ይጽፍ ነበር፣ ሳፓርዲ መሃላቸው ድምጹን ዝቅ አርጎ የሚያወራ ሰው ነው። ሲያነብም እንደዛው ነበር፣ ቀጭን ሰውነት፣ ራሱ ላይ ኮፍያ።

ሃይማኖታዊ ገጣሚ ነው?

ሙስሊም ነው፣ ግን ሰባኪ ገጣሚ አይደለም። 1989 የጻፋትን "በጸሎቴ ውስጥ" የምትለዋን እዩ፣ የቀኑን አምስት የሶላት ሰአቶች ተከትላ ትሄዳለች። ሱብሂ ላይ የሚያናግረው እሱ ሌሊቱን ሙሉ አይኑን ያልጨፈነ ሰማይ ይሆናል፣ ቀትር ላይ የሸውሹዌ ዛፍ ጫፍ፣ ከሰአት በካፊያ ውስጥ ላባዋን የምታራግፍ ድንቢጥ፣ መግሪብ ላይ ከሩቅ ቀስ ብሎ የሚወርድ ንፋስ፣ ማታ ላይ የራሱ የልብ ምት። የሚያናግረው ፈጣሪን ነው የሚወዳትን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ ግጥሟ አትመልስላችሁም፣ ሁለቱንም ብላችሁ ብታነቧት የሚሰበር ነገር የለም። የሱፊዎች አይነት ነው የሚሉ አሉ፣ እኔ ስም ባልሰጠው እመርጣለሁ።

ስለ ዝናብና አበባ ብቻ ነው የጻፈው፣ በሱሃርቶ ዘመን ዝም ብሏል ይባላል፣ እውነት ነው?

ክሱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ሱሃርቶ ከ1966 እስከ 1998 ገዛ፣ ሬንድራ ታስሯል፣ ልቦለድ ጸሃፊው ፕራሙዲያ ቡሩ ደሴት ላይ ስንት ዓመት ታጉሯል፣ ሳፓርዲ ደግሞ በዛው ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፕሮፌሰር ሆኖ ስለ ካፊያ ይጽፋል። ስነ ጽሁፍ ከማህበረሰቡ ተለይቶ አይጠናም የሚል መጽሃፍ የጻፈ ሰው ግጥሙ ውስጥ ማህበረሰቡ የት ሄደ የሚለው ጥያቄ ፌር ጥያቄ ነው። በባህሪው አደባባይ የሚወጣ ሰው አልነበረም፣ ይሄንን መሸፈን አያስፈልግም።

ግን "ብቻ" የሚለው ውሸት ነው። ማርሲናህ የምትባል ምስራቅ ጃቫ ሲዶአርጆ ውስጥ የሰአት ፋብሪካ ሰራተኛ ነበረች፣ ሜይ 1993 ላይ ሰራተኛው የደሞዝ ጭማሪ ጠይቆ ስራ ሲያቆም ከመሪዎቹ አንዷ ናት፣ ጠፋች፣ ከቀናት በኋላ ተሰቃይታ ተገድላ ሬሳዋ ተገኘ። ሳፓርዲ ከ1993 እስከ 1996 ድረስ ስለሷ ረጅም ግጥም ጻፈ፣ አስቡት የሶስት ዓመት ስራ ነው፣ ሱሃርቶ ገና ስልጣን ላይ እያለ። አጀማመሩን እዩት፦ ማርሲናህ የሰአት እጆቹን፣ ብሎኖቹን፣ ጥርስ ያላቸውን ጎማዎች ስትገጣጥም ያሳያችኋል፣ ስራዋ ልክነት ነው፣ ጊዜ ደግሞ ከማንም ጋር አይደራደርም። መፈክር የለም፣ ጩኸት የለም፣ ሰአት የምትሰራ ልጅ ጊዜዋ እንዴት እንደተወሰደባት ነው የሚያሳየው። ማርሲናህ ላይ ብዙ ተጽፏል ግን እጇን እንዲህ ቀርቦ ያየ ያለ አይመስለኝም።

ከዛ ሜይ 1998 መጣ፣ ጃካርታ ተቃጠለች፣ ሱቆች ከነሰዎቻቸው ነደዱ፣ በሜይ 21 ሱሃርቶ ወረደ። ሳፓርዲ ያኔ ዲን ነበር። 2000 ላይ ያወጣት "አያት አያት አፒ" ስለዛ እሳት ነው፣ የማርሲናህም ግጥም እዛው ውስጥ አለች። እሳቱ ውስጥ ስለገቡት ልጆች የጻፈው በዛው ዝቅ ባለ ድምጹ ነው፣ አንዳንድ ሰው ለዛ ጊዜ አነሰ ይላል፣ ለኔ እንደውም የበለጠ የሚያስፈራው እሱ ነው።

ምን ምን ሽልማት አግኝቷል?

ዋናው 1986 ባንኮክ የሚሰጠው የደቡብ ምስራቅ እስያ የጸሃፊዎች ሽልማት ነው፣ 2003 ላይ አገሩ ውስጥ የአህመድ ባክሪ ሽልማት፣ ከ1986ቱ በፊት ደግሞ የማሌዥያና የጃካርታ የኪነ ጥበብ ካውንስል ሽልማቶች አሉ። ማርች 20 ቀን 2023 ጎግል ለ83ኛ ልደቱ ዱድል (የመክፈቻ ገጹ ላይ የሚያደርገው ስእል) ሰርቶለታል፣ ስሙን ለመጀመሪያ ጊዜ በዛ የሰማም ብዙ ነው።

አሟሟቱስ?

ታሞ ቆይቶ ጁላይ 19 ቀን 2020 ሆስፒታል ውስጥ አረፈ፣ ቦጎር ጊሪታማ መቃብር ተቀበረ። የኮሮና ወቅት ስለነበር ሰው እንደልቡ ወጥቶ መሸኘት አልቻለም፣ ለቅሶው ኢንተርኔት ላይ ሆነ፣ ሰውነቴ ባይኖርም በዚህ ግጥም መስመሮች ውስጥ ብቻሽን አልተውሽም የምትል ሃሳብ ያላት 1991 የጻፋት ግጥም በየሰው ገጽ ላይ ስትዞር ነበር።

መጨረሻ ላይ የኢንስታግራም ጥቅስ ሆኖ ቀረ የሚሉ ሃያሲዎች አሉ፣ ታዋቂነቱ ጎድቶታል?

ትንሽ ጎድቶታል ባይ ነኝ። ከ2013 በኋላ የድሮ መጽሃፎቹ በሚያምር ሽፋን እንደገና ታተሙ፣ ልቦለዶቹ ተከታተሉ፣ ቲሸርትና ኩባያ ላይ ገባ፣ እሱም በፈገግታ ተቀበለው፣ ከወጣቶች ጋር ፎቶ ተነሳ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ብዙ ጽፏል፣ ሁሉም እኩል አይደለም፣ ዝናብ፣ ጥላ፣ መስኮት እያለ ራሱን የደገመባቸው አሉ። በሌላ በኩል ግጥም የሚገዛ ሰው በሌለበት ገበያ የግጥም መጽሃፍ በየሱቁ መደርደሪያ ፊት ለፊት እንዲቀመጥ ያረገው እሱ ነው፣ ከሱ በኋላ የመጡ ወጣት ገጣሚዎች ይሄንን ይቀበላሉ።

የጥቅሱን ጉዳት በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። 1978 የጻፋት፣ የሚያልፈው ጊዜ ነው እኛ ዘላለማውያን ነን ብላ የምትጀምር አጭር ግጥም አለች። ሰው የመጀመሪያዋን መስመር ቆርጦ ፎቶ ስር ይለጥፋታል፣ ደስ ትላለች፣ ተስፋ ትሰጣለች። ከስሯ ግን ሰዎቹ ሰከንድ በሰከንድ እየለቀሙ እንደ አበባ ይሰኳታል፣ አንድ ቀን ለምን እንደሆነ እስኪረሱ ድረስ። ከዛ አንዱ "ግን የሚያልፈው ጊዜ ነው፣ አይደል?" ብሎ ይጠይቃል። እዛ ላይ ያ የመጀመሪያው መስመር እርግጠኛነቱ ሁሉ ይነቃነቃል፣ "ዘላለማውያን ነን" የሚለው መልስ እንደገና ሲመጣ ሰውየው የሚያጽናናው ሌላውን ይሁን ራሱን አይታወቅም። ጥቅሱን የለጠፈው ሰው ግን ይሄ ክፍል መኖሩን እንኳ አያውቅም፣ ስለዚህ የሳፓርዲን ጥቅስ የሆነ ቦታ ካያችሁ ሙሉ ግጥሙን ፈልጋችሁ አንብቡ፣ አንድ ገጽ አይሞላም።